ፍጥነት የወደደ ወደ ትራክ ይግባ!

ፍጥነት መውደድ ወንጀል አይደለም። ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ነው። እሁድ እሁድ ቀለበት መንገድ ላይ የሰርግ አጀብ ያጋጠመው ሰው ነገሩ ይገባዋል። የሙሽሮቹ መኪና መሀል ላይ ሆና አጃቢዎቹ ከግራ ቀኝ ይጥመዘመዛሉ፤ ቪዲዮ ቀራጩ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቷል፤ ከኋላ ደግሞ የማን ሰርግ እንደሆነ እንኳ የማያውቅ ሚኒባስ ተሳፋሪ ጭኖ ይመጣል። ሲመሽ ሰርግም አያስፈልግም፤ መንገዱ ጭር ማለቱ ይበቃል። "የማን መኪና ትበልጣለች?" የሚለው ክርክር ጠረጴዛ ላይ ተጀምሮ አስፋልት ላይ ያልቃል። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ - አዳማ መንገድ ደግሞ ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ "የፍጥነት መንገድ" የሚለውን ስም ግን አንዳንዱ ሾፌር እንደ ግብዣ ወስዶታል።

ታዲያ የስፖርት ገጽ ስለ ትራፊክ ምን አገባው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባዋል። እነዚህ ልጆች የሚፈልጉት ነገር በሌላው ዓለም ስምም፣ ደንብም፣ የተወሰነ ቀንም ያለው ስፖርት ነው። "ትራክ ዴይ" ይሉታል። የራስን መኪና፣ ያቺኑ ሥራ የምንሄድባትንና ልጅ ትምህርት ቤት የምናደርስባትን መኪና ይዞ፣ ከፍሎ፣ ለመኪና ውድድር የተሠራ ትራክ ላይ ገብቶ መንዳት ማለት ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና የለም። እግረኛ የለም። አህያ የለም። መብራት የለም። አምቡላንስ ግን አለ፣ እሳት አደጋም አለ፣ በየኩርባው ባንዲራ የያዘ ሰው ቆሟል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ውድድር አይደለም። ዋንጫም ሜዳልያም የለውም፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ሰዓት መያዝ ክልክል ነው። ሰዓት ከተያዘ ነገሩ ውድድር ይሆናላ! ውድድር ከሆነ ደግሞ ፈቃዱም፣ የመድን ውሉም፣ የመኪናው ዝግጅትም ሌላ ነው። የእኛ ሰው "ውድድር ካልሆነ ምኑ ይጥማል?" ይል ይሆናል። ለእኛ የሚጥመው እዚያ ላይ ነው። የሚሸነፍ ሰው ስለሌለ የሚናደድ ሰው የለም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ውጭ አገር ያሉ ዘመድ ወዳጆች ይኖሯቸዋል፤ ለእነሱ ነገሩ ቅርብ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖር ወገናችን ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ትንሽ ቢነዳ ሰሚት ፖይንት የሚባል ትራክ ያገኛል፤ ዋናው ዙር 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የመኪና ክለቦች ቀኑን ተከራይተው ጀማሪዎችን ያስተምራሉ። ዱባይ ያለው ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዱባይ ኦቶድሮም አለለት። አቡ ዳቢ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎርሙላ ዋን የሚካሄድበት ያስ ማሪና ለሕዝብም ይከፈታል። (በነገራችን ላይ እዚያው ትራክ ላይ ምሽት ምሽት ሰዉ በነፃ እንዲሮጥበትና ብስክሌት እንዲነዳበት የሚከፈትበት ቀን አለ። የሯጮች አገር ሰዎች ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቢቀኑ አይፈረድባቸውም።) ጆሀንስበርግ ያሉት ወንድሞቻችን ደግሞ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ፎርሙላ ዋን ሲያስተናግድ የኖረው ኪያላሚ አጠገባቸው ነው።

ስለ ትራክ ሲነሳ ግን ወጣቱ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ጀርመን ያለውን ኑርበርግሪንግን ነው። በኮምፒዩተር ጌም ያልነዳበት የለማ! ኖርድሽላይፈ የሚባለው የሰሜኑ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። በ1927 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ተራራ እየወጣ፣ ጫካ እያቋረጠ፣ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። የዓለም ሻምፒዮኑ ኒኪ ላውዳ በኦገስት 1976 በእሳት የተለበለበው እዚያ ነው። ሰውዬው ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሳይድን ሞንዛ ላይ ተመልሶ አራተኛ መውጣቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ፎርሙላ ዋን ግን ወደዚያ ረጅም ዙር ዳግም አልተመለሰም። የዓለም ምርጦች "ይቅርብን" ያሉት ትራክ ዛሬ ለሕዝብ በተከፈተበት ቀን መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ቲኬት ቆርጦ የሚገባበት ነው። አይገርምም?

ለጀማሪ የማንመክረውም ለዚህ ነው። ለሕዝብ ሲከፈት ሕጉ የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ የሚነዳበት የክፍያ መንገድ ተደርጎ ነው የሚታየው። የቤት አውቶሞቢሉ፣ ጎማው እንደ ውድድር መኪና የሆነው ሁሉ አንድ ላይ ይገባል። አጠገባችሁ የሚቀመጥ አስተማሪ የለም። ከአስፋልቱ ስትወጡ የሚቀበላችሁ ሰፊ ሜዳ ሳይሆን የብረት አጥር ነው። አጥሩን ከመታችሁ ደግሞ ለአጥሩ ጥገና፣ ለጎታቹ መኪና፣ ሲብስም ትራኩ ተዘግቶ ለቆየበት ጊዜ ሒሳቡ ለእናንተ ይመጣል። የተለመደው የመኪና መድን ብዙውን ጊዜ በትራክ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። ይህ ጀርመን ብቻ አይደለም፤ የትም ሆናችሁ ውላችሁን አውጡና በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። "ሳይጽፉት ቀርተው ይሆናል" ብሎ መግባት የለም።

እንግዲህ ዋናው ምክራችን ይህ ነው። መኪናዋ ብትጠፋ ወይም ብትሰበር ኑሮዬ ይናጋል የሚል ሰው ትራክ ላይ አይግባባት። ዋሽንግተን ውስጥ በታክሲ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ወገናችንን ስናስብ ይህን ደግመን እንላለን። እንጀራ የሚበላባትን መኪና ለ20 ደቂቃ ደስታ አሳልፎ መስጠት ሒሳብ አይደለም። ለእሱ አሮጌ ርካሽ መኪና ትሻለዋለች፤ ወይም አዘጋጆቹ ከሚያከራዩት መኪና ይከራይ።

አሮጌና ደካማ መኪና ስንል ደግሞ ለማጽናናት አይደለም። ለመማር በእርግጥ ትሻላለች። ልጆቻችን ትራክ ሲባል መጀመሪያ የሚያስቡት ቱርቦ ማስገጠም፣ ጭስ ማውጫ ማስጮህ፣ ቸርኬ መቀየር ነው። ገንዘቡ እዚያ ላይ ያልቅና ጎማው ሙልጭ ያለ፣ የፍሬን ሸራው ያለቀ መኪና ይዞ ይመጣል። ኃይለኛ መኪና የሾፌሩን ጥፋት ቀጥታው ላይ ትሸፍንለታለች፤ ኩርባው ላይ ስትደርስ ደግሞ አንድ ላይ ታስከፍለዋለች። 1000 ሲሲ ቪትዝ ግን አትዋሽም። ኩርባውን አበላሽታችሁ ከወጣችሁ እስከሚቀጥለው ኩርባ ድረስ ፍጥነቱ አይመለስም፤ ጥፋታችሁን እየቆጠራችሁ ትሄዳላችሁ። ከቪትዝ ጋር በደንብ የነዳ ሰው ሌላውን መኪና ይነዳዋል።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። መኪናዋን ማሳመር አያስፈልግም፤ ማስመርመር ነው። ከሁሉ በፊት ፍሬን። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ሲያድግ ፍሬኑ ማቆም ያለበት ጉልበት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከተማ ውስጥ ፍሬን ይዘን እስከሚቀጥለው መብራት ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ትራክ ላይ ግን በየግማሽ ደቂቃው በኃይል ይረገጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ እግራችሁ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። በኃይለኛ ፍጥነት ኩርባ እየመጣ ይህ ሲሆን ምን እንደሚመስል መገመት ነው። ዘይቱን መቀየር ግን ከአንድ ቸርኬ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ስለዚህ ቱርቦው ይቆይና አዲስ የፍሬን ዘይትና ወፍራም የፍሬን ሸራ ይግባ።

ቀጥሎ ጎማ። ጥርሱ ይታይ፣ ጎኑ ላይ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ካለ አይገባም። የጎማ ንፋስ ጠዋት ሳይሞቅ ይለካል፤ ከትራክ ስትወጡ ሙቀቱ ንፋሱን ከፍ አድርጎት ታገኙታላችሁ፣ እንደገና ለክታችሁ ማስተካከል ነው። የጎማ ቡሎን በትክክል መጥበቁን እዩ፤ ጎሚስታው "አጥብቄዋለሁ" ስላለ ብቻ አትመኑ። የሞተር ዘይት ሞልቶ፣ ራዲያተሩ ሳያንጠባጥብ፣ ባትሪው በደንብ ታስሮ። ከዚያ መኪናዋን ባዶ አድርጉ። ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ የእግር ምንጣፍ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ከመቀመጫ ሥር የተረሳ ሳንቲም ሳይቀር ይውጣ። የውሃ ጠርሙስ ተንከባሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ቢገባ ቀልድ አይደለም።

ሄልሜት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ቦታ ይከራያል፤ የምትገዙ ከሆነ ግን ለሞተር ሳይክል የተሠራውና ለመኪና የተሠራው አንድ አይደለም፤ የመኪናው እሳትንም እንዲቋቋም ተደርጎ ነው የሚሠራው። አዘጋጁ የትኛውን እንደሚቀበል ቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል። ልብሱ እጀ ረዥም ጥጥ፣ ጫማው ሶሉ ቀጭን ይሁን። በነጠላ ጫማ አይገባም።

ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ገለጻ ይደረጋል። እዚያ ላይ ዘግይቶ መድረስ ወይም ከኋላ ሆኖ ስልክ መነካካት የሚወድ ሰው ያኔውኑ ወደ ቤቱ ቢመለስ ይሻለዋል። ባንዲራው የሚነገረው እዚያ ነው። ቢጫ ከሆነ ፊት ለፊት አደጋ አለ፣ ቀስ በል፣ አትቅደም። ሰማያዊ፣ ከኋላህ ፈጣን መኪና አለ፣ አሳልፈው። ጥቁር ባንዲራ ለአንተ ከታየ ወደ ፒት ግባ። ቀይ ከሆነ ሁሉም ነገር ቆሟል። ቀይ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጋ "ቀስ ብለህ ወደ ፒት ተመለስ" ነው፣ ሌላው ጋ ደግሞ "ባንዲራ ያዡ በሚያይህ ቦታ ዳር ይዘህ ቁም" ነው። ያን ቀን የተነገረው ነው የሚሠራው።

ሌላው ትልቁ ጉዳይ መቅደም ነው። በጀማሪዎች ቡድን ውስጥ መቅደም የሚቻለው በተወሰኑ ቀጥታ መንገዶች ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት ያለው ሾፌር በእጁ "እለፍ" ብሎ ሲያሳይ ነው። ልብ በሉ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የሚቀደመው ሰው ነው! ለእኛ አገር ሾፌር ከሁሉም በላይ ከባዱ ትምህርት ይህ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ጋ መቀደም ስድብ ነው፤ ጥሩንባ የሰማ ሾፌር ነዳጅ ይጨምራል እንጂ አይለቅም። እዚያ ግን ስፖኪዮ እያየ፣ ፈጣኑን እያሳለፈ የሚነዳው ነው "ጎበዝ" የሚባለው።

መጀመሪያ ላይ አስተማሪ አጠገባችሁ ይቀመጣል። እባካችሁ ውሰዱት፤ ተጨማሪ ክፍያ ቢጠይቅም ከምንም ዕቃ ይበልጣል። የሚላችሁ ነገር ቀላል ይመስላል። ፍሬን ቀጥታው ላይ ጨርሱ፣ ከዚያ መሪ። ከውጭ ጠርዝ ገብታችሁ የኩርባውን ውስጥ ነክታችሁ ወደ ውጭ ጠርዝ ልቀቁት። ዓይናችሁ ኮፈኖው ላይ ሳይሆን ልትደርሱበት የምትፈልጉት ቦታ ላይ ይሁን። በተለይ ደግሞ ኩርባ መሀል ስትደነግጡ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ በድንገት አታንሱ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መኪናዋ ዞራ ወደመጣችሁበት ታያለች። ይህ ነገር ዝናብ ላይ ጎጃም በረንዳ አካባቢም ያው ነው። ትራክ ላይ አንድ ጊዜ የተማረው ሰው መንገድ ላይ እግሩ ያስታውሰዋል።

አንዱ ዙር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። አጭር ይመስላል፤ ስትወጡ ሸሚዛችሁ ከጀርባችሁ ጋር ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ውሃ ጠጡ። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳታበዙ ቀስ ብላችሁ ንዱና መኪናዋ ትቀዝቅዝ። ስትቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ የጋለው ዲስክ ላይ ሸራው ተጣብቆ ይቀራል። ማርሽ ውስጥ ከታችሁ ድንጋይ ወይም እንጨት አስደግፉ። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ "አሁንማ ለምጄዋለሁ" የሚባልበት ሰዓት ላይ ነው ብለን እናምናለን። ደከመኝ ያለ የመጨረሻዋን ዙር ቢተዋት ገንዘቡ ከሰረ አይባልም። ደግሞ አትርሱ፣ በዚያችው መኪና፣ በዚያው ፍሬን ነው ወደ ቤት የሚኬደው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ነገር እንበል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት እንደማይቻል ከተነገረ ወዲህ ነገሩ የእኛም ጉዳይ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲነሳ እንደ ጥይት ነው፤ ማርሽ አይጠብቅም። ነዳጅ ቪትዝ ሲነዳ የኖረ ወጣት አሁን ሳያውቀው ከእሷ በእጥፍ የሚፈጥን መኪና ሥር ተቀምጧል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ደግሞ ጎማና ፍሬን ላይ ያለው ጫና ብዙ ነው። ትራክ ላይ ባትሪው ሲግል መኪናዋ ራሷ ኃይል ትቀንሳለች፣ ቻርጁም ከመንገዱ ይልቅ ቶሎ ያልቃል። የባትሪ እሳት ለማጥፋት አስቸጋሪ በመሆኑ አንዳንድ አዘጋጆች አስቀድመው ካልተነገራቸው አይቀበሉም። ይህን ኃይል የያዘ መኪና በየቀኑ በአስፋልታችን እየበዛ ሳለ ሾፌሩ አንድም ቀን በተዘጋ ቦታ በኃይል ፍሬን ይዞ አያውቅም። ይህ ነው የሚያሳስበን።

ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመጣ፣ እኛ ቋሚ የመኪና ውድድር ትራክ የለንም። ጎረቤታችን ኬንያ በ1953 እ.ኤ.አ. የጀመረችውን ሳፋሪ ራሊ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና መልሳለች። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። "ሆስፒታል ሳይሟላ ትራክ ይሠራ" የሚል ሰውም እዚህ የለም። ይልቅ እንግሊዞቹን እንይ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሲልቨርስቶን የጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ግራንድ ፕሪ ሲካሄድበት ዙሩን ያመላከቱት በጭድ እስርና በዘይት በርሜል ነው። እነ ስኔተርተን፣ ትራክስተን፣ ካስል ኩምም ያው የአውሮፕላን ማረፊያ የነበሩ ናቸው። ባዶ አስፋልት ነበራቸው፣ ተጠቀሙበት።

እኛ ጋም በሳምንት አንድ ቀን ባዶውን የሚውል ሰፊ አስፋልት ያለው ድርጅት አይጠፋም። የፕላስቲክ ኮን ተደርድሮ፣ መኪና አንድ በአንድ እየገባ፣ ከ60 እና ከ70 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ መጥመዝመዝና ፍሬን መያዝ መለማመድ ይቻላል። ውጭ አገር ብዙ ክለቦች ጀማሪን በዚህ ነው የሚያስጀምሩት። እዚያ የሚጠፋው ነገር ቢኖር ኮን ነው። የሞተር ስፖርት ማኅበራት፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች፣ የትራፊክ ፖሊስ እና መድን ሰጪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ በአንድ ወር የሚያልቅ ሥራ ነው። መድን ሰጪዎቹ በተለይ ትርፍ አላቸው፤ ፍሬን መያዝ የሚያውቅ ደንበኛ ለእነሱ ርካሽ ነው።

ፈርተን የምንናገረው አንድ ነገር ግን አለ። ቲኬት ሽጦ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ተመልካች በገመድ ብቻ ከልሎ "የመኪና ትርኢት" የሚያዘጋጅ ሰው ከመጣ ከሰርጉ አጀብ የባሰ ነው። ተመልካቹ ከመኪናው መስመር በደንብ ይራቅ። ሐኪምና አምቡላንስ ሳይቆም ሞተር አይነሳ። የጠጣ ሰው በር ላይ ይመለስ። ይህን አሟልቶ የልምምድ ቀን የሚያዘጋጅ ማኅበር ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በዚህ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ እናወጣለታለን። ስልክ ሲደውል ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው አምቡላንሱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርስ ነው።